ዓለም ጤና ላይ የተፈታው ጆይንት

ይህን የማወራው ቸግሮኝ መሆኑ ይታወቅልኝ። ሽማግሌ ሆነው የገቡበትን ቤት ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ስለማውቅም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ሽምግልና፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ ቀልድ አይደለም። ሽማግሌ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብሎ ቆሞ ይለምናል። እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። የልጅቷ አባት ደግሞ ቶሎ እሺ ካለ ልጁን ያረከሰ ስለሚመስለው «ዘመድ እናማክር፣ ተመልሳችሁ ኑ» ይላል። ሽማግሌው ይሄዳል፤ ይመጣል። ጥበቡ ያለው መሄዱ ላይ ነው። መሄድ ያልቻለ ሽማግሌ ምን እንደሚደረግ ግን አባቶቻችን አልነገሩንም።

እኔና ጋሽ ታደሰ ሌንሳን ለወንድሜ ልጅ ለቢንያም ለመጠየቅ ከአዳማ ዓለም ጤና ከተማ ስንሄድ ሦስተኛ ጊዜያችን ነበር። አንድ የሞጆ ባለ ከባድ መኪና እሷኑ ለማስጠየቅ ሽማግሌ እያሰባሰበ ነው ተብሎ፣ ቢንያም ከሐሳብ ብዛት ከስቶ ቀበቶው ዞሮበታል። ዛሬ እሺ ካልተባልን አለቀ። የጋሽ ታደሰ አሮጌ መኪና ደግሞ መሪ በዞረ ቁጥር ከፊት ጎማዋ «ቋ! ቋ!» ትላለች፤ አክስሉን ከጎማው የሚያገናኘው ጆይንቷ አልቋል። እሱ አዲስ ጆይንት ገዝቶ የኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀምጦ፣ «ቀጥ ባለ መንገድ እኮ ምንም አትልም» እያለ ይነዳል። እውነቱን ነው። የልጅቷ አባት የኦቦ ገመቹ ግቢ ግን በመታጠፊያ ነው የሚገባው። በሩ ላይ «ቋ!» አለችና ሞተሯ እየጮኸ ጎማዋ እምቢ አለ።

ገፍተን አስገባናት። ኦቦ ገመቹ ልመናችንን ሰምተው፣ «እስቲ ዘመድ እናማክር፤ ተመልሳችሁ ኑ» አሉ።

«በምን እንሂድ ኦቦ?» አለ ጋሽ ታደሰ።

በባጃጅ እንዳንሄድ፣ «ሽማግሌ መኪና አስይዞ ሄደ» ይባላል። ስለዚህ ክሪክ ወጣ። ጎማው ወለቀ፤ አክስሉን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ ተፈታ፤ አክስሉ ተጎትቶ ወጣና አሮጌው ጆይንት በመዶሻ ይደበደብ ጀመር። ጎረቤት አጥር ተደግፎ ምክር ለገሰ። ግማሹ «ቀስ!»፣ ግማሹ «ጠንከር አርገህ በለው!»። ኦቦ ገመቹም አላስችላቸው ብሎ እጅጌያቸውን ሰብስበው አዲሱን ጆይንት ግራሶ ሞሉት። ገባ። ላስቲኩ ታሰረ።

ዳዶው የለም።

ያልተገለበጠ የሽንኩርት ማዳበሪያ አልቀረም። የለም። የምሳው ሽታ ግቢውን ሞላው። እኛ እሺ ሳንባል አንቀምስ፣ ኦቦ ገመቹ እንግዳ አቁመው አይበሉ። ሁላችንም በየሥርዓታችን ተራብን።

«ኧረ በዋቃ፣ ተቀመጡ!»

«እሺ ሳንባል?»

«እሺ! ሰጥቻለሁ አልኩ እኮ! ቁጭ በሉና እንብላ!»

እልልታው ሳይበርድ ሌንሳ የእጅ መታጠቢያ ይዛ ወጣች። ውሃ እያፈሰሰችልኝ፣ በሌላው እጇ አንድ ነገር መዳፌ ውስጥ አኖረች።

«ጋሼ፣ ይሄ የእናንተ ነው እንዴ? ጓሮ አገኘሁት።»

ዳዶው ነበር። ግቢው የሚያዘቀዝቀው ወደ በሩ ነው፤ ዳዶው ሽቅብ ተንከባሎ ጓሮ ድረስ እንዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብረት ነገር ሲያረጅ እንዲህ ሳያደርገው አይቀርም።

ኦቦ ገመቹ አሁን በየሰርጉ፣ «እኔን ያሸነፈኝ የእኚህ ሰውዬ አንደበት ነው» ይላሉ። ከሞጆ እስከ መልካሳ ሽማግሌ የሚፈልግ ሁሉ የሚያንኳኳው የእኔን በር ሆኗል። እናም አደራ፣ ይህን ወሬ ወደ ዓለም ጤና እንዳታሻግሩብኝ። እንዲህ ያከበሩኝን ሽማግሌ በማስረጃ ማሳፈር አልፈልግም።