ከሳሙና ጋር የተኳረፍንበት ሰሞን

ሰው ከሰው ጋር መኳረፉ ያለ ነው። ባልና ሚስት፣ አማትና ምራት፣ አጥር የሚገፋፋ ጎረቤት፣ ስንቱን ሳስታርቅ ኖሬአለሁ። ከዕቃ ጋር መኳረፍን ግን፣ ልጆቼ፣ ያየሁት በስተርጅና ነው። ዕቃ ደግሞ ክፋቱ፣ ሽማግሌ ብትልኩበት አይሰማም።

ጅጅጋ ውስጥ አቧራ አጥተን አናውቅም፤ ስለዚህ ሳሙና እንወዳለን። እንደኔ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደግሞ ሳሙናውን የሚለየው በሥዕሉ ነው። የኔ ሳሙና ላይ አበባ ነበረበት። በምርጫው ሰሞን ሳህራ ሱቅ ብሄድ አበባው ቀርቶ የልብስ ማጠቢያ ባሊ መጥቷል። ሳህራ ማለት ባሌን ውትድርናው እዚህ ሲያመጣው፣ ገና ጓዛችንን ሳናወርድ ውሃ ያቀበለችኝ ጎረቤቴ ናት። እኔማ ባሊውን አይቼ፣ ለሳሙና ከዚህ የተሻለ ምን ይሳላል ብዬ ሦስት ገዛሁና በእጄ ይዤ መንገድ ገባሁ።

ግማሹ ሰው ፈገግ ይልልኛል፤ ግማሹ ፊቱን ያዞርብኛል። አንድ የማላውቀው ጎረምሳ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ቀሚሴ ተቀዶ ይሆን ብዬ ኋላዬን ዳበስኩ። በመጨረሻ የሰፈራችን ባለባጃጅ አብዲ አጠገቤ አቆመ።

«አዬዮ» አለኝ፤ አያቴ ማለቱ ነው። «አንቺም የባሊ ሰው ነሽ እንዴ?»

«የምን ባሊ ሰው?»

«ባሊው እኮ የፓርቲ ምልክት ነው። ጽሑፉ ‹ንጹሕ ልብስ፣ ንጹሕ ምርጫ› ይላል።»

«ሌላውን የመረጠ ቆሻሻ ነው ማለት ነው?»

«እሱን ነው እኛም ያልነው። ማንም እንዳይገዛ ተባብለናል።»

ደሜ ፈላ። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሳጥብ ኖሬ፣ ማን ቆሻሻ እንደሆነ የሳሙና ወረቀት ሊነግረኝ? ከአኩራፊዎቹ ተደባለቅሁ። ማኩረፌ ግን እንዴት መሰላችሁ? በሳህራ በር ማለፉን ተውኩት። ስኳሩንም ሩዙንም ሌላ ሰፈር ሄጄ እገዛለሁ። ለካ ሁሉም እንደኔው ኖሯል።

በሁለተኛው ሳምንት ብቅ ብል፣ ሳህራ ዕቃዋን በካርቶን እያሸገች ነው። ሱቁን ዘግታ ደወሌ ከተማ፣ ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ነው።

«ሥዕሉን እኔ ሣልኩት?» አለችኝ ቀና ሳትል። «ፋብሪካው ላከ፣ እኔ ደረደርኩ።»

«ሳህራዬ፣ እኔ እኮ ያኮረፍኩት ሳሙናውን ነው።»

«ሳሙናውማ ምን ገዶት። ስኳሩ ምን አደረገሽ?»

አፌ ቢያጥርም እግሬ ደህና ነውና ቤት ለቤት ዞርኩ። ሳሙናውን አትንኩ፣ ሳህራን ግን አትለፏት አልኩ። በማግስቱ ሴቶቹ መጡ፤ አንዷ ለስኳር፣ አንዷ ለፓስታ፣ አንዷ ለወሬ ብቻ። ሳሙናው መደርደሪያው ላይ ማንም እንዳልጋበዘው እንግዳ ተጎልቶ ቀረ። ሳህራም ያሸገችውን ካርቶን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች።

የፋብሪካው ሰው አዲስ ጭነት ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ተኮልኩለን አገኘን።

«ባሊህን መልሰህ ውሰድና አበባውን አምጣ» አለችው ሳህራ።

እኛን አየ፣ እሷን አየ። ሌላም ሱቅ እንዲሁ ብለውት ኖሮ ሳይከራከር ጭነቱን መለሰ። ቆይቶ አበባው መጣ።

አለቀ ብላችሁ እንዳትነሱ። አሁን ደግሞ ያኮረፉት የባሊ ሰዎች ናቸው። ምልክታችንን አስነሣችሁ ብለው አበባውን በእጃቸው አይነኩም። ያኩርፉ፤ እኛም አኩርፈን አይደል? ትናንት ግን ከመካከላቸው ዋናው ተቆጪ ሳሙናው ወዳለበት ላለማየት አንገቱን አጣሞ፣ ሳህራ ዘንድ ሩዝ ሲያስመዝን አየሁት። እሷም መዝና ስታበቃ፣ «ዘይትስ አላለቀባችሁም?» አለችው።