የኦንድሪሽ መልቀቂያ

(ሃንጋሪ፣ የስሎቫኮች መንደር። የቋሊማ ነጋዴው ኦንድሪሽ ላሽካ እና ሠራተኛው ፓልኮ ሥጋ እየሞሉ ይከራከራሉ።)

ፓልኮ፦ በወንበር ምክንያት ከምክር ቤት ይለቀቃል እንዴ?

ኦንድሪሽ፦ በር አጠገብ አስቀመጡኝ! እኔን! በስሎቫኮች ምክር ቤት ምርጫ በድምፅ ብዛት አንደኛ የወጣሁትን!

ፓልኮ፦ ታዲያ ለቀቁ?

ኦንድሪሽ፦ አልለቀቅኩም፣ መልቀቂያ ጻፍኩ። ልዩነቱ አይገባህም። አሁን ደንግጠው ሊለምኑኝ ይመጣሉ።

ፓልኮ፦ ደብዳቤው «ለቅቄያለሁ» ይላል?

ኦንድሪሽ፦ ይላል።

ፓልኮ፦ «ለምኑኝ» የሚልስ አለው?

ኦንድሪሽ፦ አይ አንተ! ይሄ ፖለቲካ ነው፤ እንደ በግ አንጀት ቀጥ ያለ አይደለም።

ፓልኮ፦ (አንጀቱን እያየ) ይሄም እኮ ጠምዛዛ ነው።

ኦንድሪሽ፦ ዝም ብለህ ሙላ!

ፓልኮ፦ የትምህርት ቤቱ የስሎቫክኛ ክፍል ጉዳይ ነገ ነው የሚወሰነው። ምክር ቤቱ ሦስት ሰው ነው፤ እርስዎ ከጎደሉ ድምፁ አንድ ለአንድ ይሆናል፤ ክፍሉ ይዘጋል። የልጅ ልጄ እዚያ ናት።

ኦንድሪሽ፦ (እጁ ቆመ፤ ይህን አላሰበውም ነበር) እ... ዛሬውኑ ሄጄ መልቀቂያውን መልሼ እወስደዋለሁ።

ፓልኮ፦ አይመለስም።

ኦንድሪሽ፦ ማን አለ?

ፓልኮ፦ የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ። አንዴ የለቀቀ ተመራጭ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት አይችልም፤ ሕጉ ነው አሉኝ።

ኦንድሪሽ፦ ላንተ ደግሞ ምን ብለው ነገሩህ?

ፓልኮ፦ ትናንት ጠሩኝ። ክፍት ቦታው በድምፅ ለሚቀጥለው ነው አሉ።

ኦንድሪሽ፦ የሚቀጥለው ማነው?

ፓልኮ፦ አሥራ አንድ ድምፅ ያገኘው።

ኦንድሪሽ፦ (እየሳቀ) አሥራ አንድ! የትኛው ምስኪን ነው?

ፓልኮ፦ እኔ ነኛ።

(ኦንድሪሽ የያዘውን ማሰሪያ ክር ጣለ።)

ኦንድሪሽ፦ አንተ? ምን ታውቅና!

ፓልኮ፦ ምንም። ነገ አራት ሰዓት ቃለ መሐላ እገባለሁ፤ ለልጆቹም እጄን አወጣለሁ፤ ያ ብቻ ይበቃል። «አሠሪህ ለስብሰባ ሊለቅህ ግድ ነው» ስላሉኝ ላሳውቅዎ ብዬ ነው።

ኦንድሪሽ፦ ነገ የገበያ ቀን ነው! ቋሊማውን ማን ይሞላል?

ፓልኮ፦ (መሙያውን በአክብሮት እያቀበለው) እርስዎ ነዎታ፣ ጋሼ። ስብሰባ የለብዎትም።