«እኔ ልለካልሽ» የምትል ሴት

ልብስ ልትገዙ ስትወጡ «ቆይ፣ እኔ ልለካልሽ» የምትል ሴት አትከተላችሁ። የባለቤቴ እህት አሚና እንዲህ ናት። የቀፊራ ገበያ ነጋዴ መልበሻ ክፍል የለውም፤ ስለዚህ እሷ በልብሷ ላይ ደርባ ትለካለች፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። መለሎ ስለሆነች ሁሉም ያምርባታል። ከዚያ «አቦ፣ ይሄ ለአንቺ አይሆንም» ትልና ለራሷ ትገዛዋለች። ለእኔ የተረፈው ይደርሰኛል። በስንት ሰርግ ጆንያ መስዬ እንደታየሁ ፎቶው ይመስክር።

ለልጄ ኒካህ ግን ብቻዬን ወጣሁ። አንድ አረንጓዴ ቀሚስ ትከሻው ልኬ ሆነ፣ ስቀመጥም አልያዘኝም። ቁመቱ ብቻ መሬት ይጠርጋል። እዚያው በረንዳ ላይ ላለው ልብስ ሰፊ ሰጠሁት።

«እናቴ፣ መጀመሪያ ቤት ወስደሽ ብታሳዪው አይሻልም?»

«አይሻልም፤ ቁረጠው!»

ጭካኔ ይመስላችኋል? አሚናን አታውቋትም።

ቤት ስደርስ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አምጪ፣ ልለካልሽ!» ብላ ነጥቃ ለበሰችው። ቀሚሱ ቅልጥሟ ላይ ቀረ። ወደ ታች ጎተተችው፣ አልወርድ አለ። በመጨረሻ አውልቃ ሰጠችኝ።

«በቃ፣ ይሄ የአንቺ ልክ ነው» አለች።

እፎይ! በሠላሳ ዓመት ውስጥ በትክክል የለካችልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።