«በርቺ» የምትባል ሸክም

በአማርኛችን ውስጥ እንደ «በርቺ» ደግ የሚመስል ቃል አላውቅም። ተናጋሪውን አያደክምም፤ ሰሚዋን ግን ያስነሳል፤ ማለቴ፣ ልትቀመጥ ያሰበችውን ያስነሳል። እስቲ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ በአንድ እጇ ጎመን በሌላው ጄሪካን ይዛ አቀበት ስትወጣ ብታዩ ምን ትሏታላችሁ? እውነቱን እንነጋገር። ጄሪካኑን የሚቀበላት አለ? የለም። «በርቺ!» ብለን እናልፋለን። አልፈንም አናበቃ፣ ጽድቅ የሠራን ይመስል ደረታችንን ሞቅ ይለዋል።

ወንዱም አልቀረበትም፤ «በርታ» ይባላል። ግን ልብ ብላችሁ ስሙ። ወንድ «በርታ» የሚባለው ሲታመም፣ ሲያዝን፣ ሆድ ሲብሰው ነው፤ አይዞህ፣ አረፍ በል፣ ያልፋል ለማለት። ሴቲቱ «በርቺ» የምትባለው ሥራ ላይ ሳለች ነው። ትርጉሙም «ቀጥዪ» ነው። አንዲት ፊደል ሰውን እንዲህ ታለያያለች።

ይህን ቃል እንደኔ የዘራ ሰው በአርባ ምንጭ ከተማ ያለ አይመስለኝም። በሥራዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን ግን ሙሴ ነኝ። አትደንግጡ፤ የጽዋ ማኅበር መሪ «ሙሴ» ነው የሚባለው፣ ሴትም ብትሆን። አሥር ሴቶች የእመቤታችንን ጽዋ እየተረከብን በተራ እንደግሳለን፤ አባ መጥተው ይባርካሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ በመጨረሻ እኔ እነሳና ስለ ልባም ሴት ጥቂት እናገራለሁ። ሳይነጋ ስለምትነሳዋ፣ መብራቷ ስለማይጠፋው፣ የስንፍና እንጀራ ስለማትበላዋ ሴት። ከዚያ «እኅቶቼ፣ በርቱ!» ብዬ እቀመጣለሁ። እልል ይባላል።

ያንን የመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ ስንት ዓመት ሙሉ ሳነበው አንድ ነገር ዘልዬ ኖሯል። ያቺ ልባም ሴት ገረዶች ነበሯት! በግልጽ ተጽፏል፤ ሂዱና እዩት። ከእኛ ከአሥራችን ገረድ ያላት አንድም የለችም። ባሏ ደግሞ በአደባባይ ከሽማግሌዎች ጋር እንደሚቀመጥ ተጽፏል። ይኼኛው እንኳ በሁላችንም ቤት አንዲት ቃል ሳትጎድል ተፈጽሟል።

ከአሥራችን መካከል ብርቱዋ አየለች ናት። ስሟ ራሱ ይናገራል። እናቷ ዶርዜ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ያሳደጓት፣ እዚህ ወርዳ ትዳር የያዘች፣ የሁለት ሕፃናት እናት ናት። ቀን የተማሪዎች ምግብ ቤት ውስጥ ከወገቧ የሚደርስ ድስት ስታማስል ትውላለች፤ ማታ ገብታ የቤቱን ትጀምራለች። ባሏ ተፈራ ከሰሜን ሸዋ ለትምህርት መጥቶ እዚሁ የቀረ የቢሮ ሰው ነው። እንዳትፈርዱበት፤ አይጠጣም፣ አይማታም፣ ውጭ አያመሽም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ያደንቃታል። «እንደ አየለች ያለች ሴት የት ትገኛለች?» ይላል እግሩን ዘርግቶ። እሷ በፊቱ ውሃ ተሸክማ ስታልፍ እግሩን ይሰበስብላታል።

አምና አየለች ሦስተኛዋን አረገዘች። ሰባት ወር ሲሞላት ጽዋው የወይዘሮ ሮማን ተራ ነበር። ሮማን ግን የእኅቷ ልጅ ሠርግ ደረሰባትና ተራዋን የሚቀይራት ፈለገች። ዘጠኝ ሴቶች ተያየን። አንዷ ወገቧን፣ አንዷ ግፊቷን፣ አንዷ ቤቷ መጥበቡን አነሳች። ከዚያ ሁላችንም እንደ ተነጋገረ ሰው ወደ አየለች ዞርን። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የሚችለው ላይ መጫን ልማዳችን ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያልኩ በየወሩ የምተርተው እኔ፣ ሃምሳውንም ሎሚ ለአንዲት እርጉዝ አሸክሜ ወጣሁ።

ከድግሱ ሦስት ቀን በፊት አየለች መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጣች። በታችኛው ከተማ በሲቀላ ሙቀት ከገበያው ጀምሮ በእግሯ ነው የመጣችው። መዝገቦቹ መካከል ቆመች፤ ተቀመጪ አላልኳትም፣ ወንበሩ ላይ ፋይል ነበረበት።

«እትዬ ጽጌ፣ ደክሞኛል» አለችኝ።

ይኸው ነው ያለችው። አየለች ደክሞኛል ስትል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሰው ሰውን እንደሚሰማ ብሰማት ኖሮ ፋይሉን አንስቼ አስቀምጣት ነበር፤ ለሌሎቹ ደውዬ ድግሱ ቀርቷል እል ነበር። እኔ ግን አፌ የለመደውን አለ።

«በርቺ፤ እመብርሃን ድካምሽን ታያለች።»

እመብርሃን በእርግጥ ታያለች። ያላየሁት እኔ ነኝ።

ሃያ አንድ ደረሰና ከቀትር በኋላ ቤቷ ተሰበሰብን። ጠላው የሚጣፍጥ፣ ዳቦው እንደ አልጋ የሰፋ። አባ ባርከው ወጡ። እኔ ስለ ልባም ሴት ተናገርኩ፤ ያን ቀን ደግሞ አምሮልኝ ነበር መሰለኝ፣ አንዷ አለቀሰች። አየለች ጠላ አልቆብን ስለነበር ሁለተኛውን እንስራ ከጓዳ አቅፋ ብቅ አለች። መሀል ወለል ላይ ስትደርስ ቆመች። እንስራውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ አለች።

ያረፈች መሰለን። እኔማ ከተቀመጥኩበት «በርቺ እንጂ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ!» አልኳት። ቀሚሷ ሥር ደሙን ያየችው ሌላዋ ናት።

ሆስፒታል አደረስናት፤ ጽንሱ ግን አልተረፈም። ሴት ነበረች። ክርስትና ላልተነሳች ልጅ ድንኳን አይጣልም፣ ፍትሐትም የለም፤ ተፈራና አንድ ጎረቤት ወስደው ቀበሯትና ተመለሱ። ሐኪሙ «እንዲህ ያለው ነገር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሸክም ነው ብሎ መናገር አይቻልም» አለን። ሌሎቹ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሐኪሙ አላውቅም አለ እንጂ አይደለም አላለም።

ሆስፒታል ልንጠይቃት ነጠላችንን አጣፍተን ገባን። ወልዳ ቢሆን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባል የተዘጋጀ ቃል አለ። ለዚህኛው ምን ይባላል? «እንኳን አንቺ ተረፍሽልን» አልናት፤ «እሷው ትካስሽ» አልናት። ከዚያ ቃል አለቀብንና አልጋውን ከብበን ቆምን። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ምናልባት እኔ ነኝ። «በርቺ» ተባለ። አንዷ ስትል ሌላዋ ተቀበለች፤ «በርቺ አየለች፣ በርቺ እንጂ።»

አየለች ፊቷን ከግድግዳው አዞረችና አየችኝ። እኔን ለይታ።

«እትዬ፣ ዛሬ አልበረታም» አለች። ተመልሳም ወደ ግድግዳው ዞረች።

በዕድሜዬ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚህች አጭር ሆኖ የገባኝ የለም። ለካ ጌታችን ሸክም የከበደባቸውን የጠራው ሊያሳርፋቸው ነው። በርቱና ቀጥሉ ለማለት ቢሆን ኖሮ መጥራቱም ባላስፈለገ፤ ለዚያ እኛው እንበቃ ነበር። እግዚአብሔር ራሱ በሰባተኛው ቀን ዐርፏል። እኛ ግን በስሙ ማኅበር ጠጥተን፣ ያደከምናትን ሴት ስለ ድካሟ እያሞገስናት ኖርን። ያን ቀን በራሴ አፈርኩ፤ ከዚህ የለዘበ ቃል የለኝም።

ቤቷ ስትገባ እናቷ ከዶርዜ ወረዱ። ጉልበታቸው የደከመ፣ እንዝርታቸው ግን ከእጃቸው የማይለይ እናት ናቸው። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ይፈትላሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ በእሳቸው ቋንቋ «አንተ»ም «አንቺ»ም አንድ ቃል ነው፣ ጣጣ የለውም። አባ ሊጠይቁ ሲመጡ «ነይ ግቢ አባ፣ ተቀመጪ» ሲሏቸው አባም ፈገግ ብለው ተቀመጡ። የተቀረነው ነጠላችን ውስጥ እንስቃለን። እኔ የጋሞ ልጅ ሆኜ እንኳ እስቃለሁ፤ አማርኛዬን ያቀናሁት ተምሬ መሆኑን ረስቼ።

ሦስት ቀን ጠያቂ ተመላለሰ። ወንዶቹ ከማንጎው ጥላ ሥር ተፈራን ከብበው ይቀመጣሉ፤ «በርታ፣ ያለ ነው» ይሉታል። ተፈራም በርትቶ ይቀመጣል። በደል እንዳይሆንብኝ፣ ሰውዬው አዝኗል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ግን የጎረቤት ሴቶች ውሃ ሲያመጡለት፣ ልጆቹን ሲያጥቡለት፣ እሱ ሲያዝን ዋለ። አየለች ደግሞ ከአልጋዋ ላይ ሆና ትንሹ ልጇ ባለቀሰ ቁጥር ለመነሳት ክንዷን ትደገፋለች። እናቷ በእጃቸው መልሰው ያስተኟታል። ሐኪሙ ከተነሳች ደሙ ሊመለስ እንደሚችል ነግሯቸዋል፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የውሃ ፈረቃው ደረሰ። ከሰፈሩ የውሃ ቦኖ በኩል የጄሪካን ጫጫታ ተሰማ። የግቢው ጄሪካኖች ባዶ ናቸው። ማንም አልተነሳም፤ እኔም አልተነሳሁም፣ ወገቤን ያመኛል። ከውስጥ የአልጋው እንጨት ሲንቋቋ ሰማን። አየለች ልትነሳ ነው።

እናቷ እንዝርታቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ወጡ።

«ተፈራ! ውሃ መጣች። ተነሺ፣ ጄሪካን ያዢ። በርቺ!»

ሳቅ አመለጠ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት በትሕትና ሊያርሟቸው ፈለጉ።

«እናቴ፣ ለወንድ እኮ ‹በርታ› ነው የሚባለው።»

«ሦስት ቀን ‹በርታ› አላችሁት፤ ቁጭ አለ» አሉ እናትየው። «‹በርቺ› ተብላ ቁጭ ያለች ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ልብ በሉ፤ «አላችሁት» ብለዋል። «ቁጭ አለ» ብለዋል። እዚህ ላይ ሰዋስዋቸው ንቅንቅ አላለም። ድሮስ ሲሳሳቱ ኖረዋል ወይስ እኛ ነን ስንሳሳት የኖርነው? ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ተፈራ ተነሳ። ሁለት ቢጫ ጄሪካን አንስቶ ወጣ። ቦኖው ላይ ሴቶቹ ሳቁበት መሰለኝ፤ ጆሮው ቀልቶ፣ ሸሚዙ ርሶ፣ እያለከለከ ተመለሰ። ጄሪካኖቹን መሀል ግቢ አስቀምጦ መዳፉን ያየዋል፤ መያዣው ቆርጦት ኖሯል። አየለች በተከፈተው በር ከአልጋዋ ሆና አየችው። አልሳቀችም፣ አላመሰገነችም። ጭንቅላቷን ትራሱ ላይ መልሳ አሳረፈች። ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ ወዲህ ተፈራ መልአክ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። በፈረቃው ቀን ውሃ ይቀዳል፤ ልብስ ግን እስከ ዛሬ ሲያጥብ አላየሁትም። ማኅበራችንም አልፈረሰም፤ ጽዋው ሮማን ቤት ሄደ፤ ዳቦና ውሃ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ስለ ልባም ሴት መናገሬን ትቻለሁ። አየለች ግን አልመጣችም። ቦታዋን ክፍት አድርገን እንቀመጣለን፤ የሞተችውም ልጅ በማኅበራችን ስሟ አይነሳም፣ ስም ስላልነበራት።

ባለፈው ሰሞን ሲቀላ ገበያ አገኘኋት። ከስታለች። በአንድ እጇ የድንች ከረጢት፣ በሌላው ሽንኩርትና ዘይት ይዛለች። ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሼቻ በሚወስደው አቀበት ላይ ነው ቤቷ፤ ባጃጅ ደግሞ ድንጋያማዋን መንገድ አይደፍራትም። ተሳሳምን። አፌን ታውቁታላችሁ፤ «በ...» ብሎ ጀምሮ ነበር። ምላሴን ነከስኩና እጄን ዘረጋሁ።

«ስጪኝ» አልኳት።

አየችኝ። ቀላሉን ትሰጠኛለች ብዬ ነበር፤ ድንቹን ሰጠችኝ።

ወገቤን እንደሚያመኝ ነግሬያችኋለሁ። የአቀበቱ እኩሌታ ላይ ስደርስ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ከረጢቱን አስቀምጬ ቁጭ ልል ዳር ዳር አልኩ። አየለች ከኋላዬ ሽንኩርቷን እያወዛወዘች በቀስታ ትመጣለች።

«በርቺ፣ እትዬ» አለችኝ።

ቀልዷን ይሁን እውነቷን ዞሬ ፊቷን ለማየት አልቻልኩም። ከረጢቱን በሌላው እጄ ይዤ ቀጠልኩ።