ሦስተኛዋ «በሞቴ»

ፈረንሳዮች ምግብ ቤታቸውን ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ሳህኑ ሰፊ፣ ምግቡ ትንሽ፣ አስተናጋጁ ኩሩ የሆነበት ነው፤ እሱን ፋይን ዳይኒንግ በሉት። ሁለተኛው ቢስትሮ ይባላል፤ ጠረጴዛው ይጠብባል፣ ክርን ከክርን ይጋጫል፣ ሰው ግን ጠግቦ ይወጣል። ይህን የተማርኩት ደብሊን ነው። አየርላንድ ያለችውን ማለቴ አይደለም፤ የኛዋን፣ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ አጠገብ ያለችውን፣ ሀብታሞቹ የሚኖሩባትን።

እዚያ አንድ ቢስትሮ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤትነቱንም ሼፍነቱንም አንድ ፈረንሳዊ ደርቦ ይዞታል። ስም አለው፤ እኔ ግን ከጀርባው «ሙሴ» ነው የምለው። ድሮ አገራችን የመጣ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ይባል አልነበር? ይኸኛው ደግሞ እውነተኛው ነው። የተወለደው ቦርዶ አካባቢ፣ የወይን ማሳው አልቆ አሸዋው ከሚጀምርበት ባሕር ዳርቻ ነው። ስለዚያ አገር ካነሳ አያባራም። ኦይስተሩ ጠዋት ከባሕር ይወጣል፣ ቀትር ላይ ይበላል፣ ወይኑም ከጓሮ ነው ይላችኋል።

ኦይስተር ማለት ድንጋይ በመሰለ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው። በቢላዋ ፈልቅቀው፣ ሎሚ ጠብ አድርገው፣ ከነነፍሱ ይውጡታል። እኔ እንኳን ልውጠው፣ መጀመሪያ ቀን ሳየው አማትቤአለሁ። ግን እንጀራ ነውና መክፈቱን ለመድኩት። ሳህን በማጠብ ጀምሬ፣ ሽንኩርት ከትፌ፣ ሾርባ ጠብቄ፣ በስድስተኛው ዓመት የሙሴ ቀኝ እጅ ሆንኩ።

ሙሴ አንድ ወንድም አለው፤ እዚያው ትውልድ አገራቸው ባሕር ዳርቻ ላይ ፋይን ዳይኒንግ ከፍቷል። ወንድማማቾቹ ይናናቃሉ። ሙሴ «ወንድሜ ቤት በልታችሁ ስትወጡ መንገድ ላይ ሳንድዊች ያምራችኋል» ይላል። ወንድሙ ደግሞ የሙሴን ቢስትሮ «መኖ ቤት» ይለዋል አሉ። እንዲህ እያለም ሙሴ በሆዱ የወንድሙን ሰፊ ሳህን ይመኝ ነበር። ሰው የሚያንቋሽሸው የሚመኘውን አይደል?

አንድ ሰኞ፣ ቤቱ ዝግ በሚሆንበት ቀን፣ ጠራኝ። ሰመሩን ወንድሜ ዘንድ ልከርም ነው አለኝ። ሲመለስ ሁለተኛ ምግብ ቤት ይከፍታል፤ ፋይን ዳይኒንግ። አብሮት ሄዶ ሦስት ወር ተምሮ የሚመጣና አዲሱን ቤት በሼፍነት የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። «አንተን አሰብኩ። መምጣት ትፈልጋለህ?» አለኝ።

ልቤ ዘለለች። ስድስት ዓመት የጠበቅኳት ጥያቄ ናት። በጓሮ በር ገብቶ በጓሮ በር የሚወጣ ሰው ስሙ ሜኑ ላይ ሊጻፍ ነው! ታዲያ ምን ብዬ መለስኩ? «አይ ሼፍ፣ አመሰግናለሁ፤ እኔ ይቅርብኝ። ዴሪክ አለ አይደል? እሱ ጎበዝ ነው» አልኩት። ዴሪክ ከስምንት ወር በፊት የተቀጠረ የኦሃዮ ተወላጅ ነው። ኦይስተር አከፋፈት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ምን ነካህ?» ትሉኝ ይሆናል። ምንም አልነካኝም፤ ወግ ነው። ሰው «ብላ» ሲባል «በልቻለሁ» ይላል፤ ጋባዡም አያምነውም። «ኧረ ትንሽ ቅመስ» ሲባል «ጠግቤ ነው» ይላል። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ!» ይመጣል። በሞቱ ከለመናችሁ ሰው ጋር ደግሞ ክርክር የለም፤ ተሸንፎ መብላት ነው። ርቦት እንደነበር ማንም አያነሳበትም።

አባቴ አንድ ቀን ሆዱ ባዶ ሆኖ ጎረቤታችን እትዬ ፋናዬ ቤት ገባ። አንደኛውን እምቢ አለ፤ ሁለተኛውን እምቢ አለ። ሦስተኛዋን ሲጠብቅ በር ተንኳኳና ሌላ እንግዳ መጣ፤ ሴትዮዋ በዚያው ረሳችው። አባቴ የቀረበው ዶሮ ወጥ ሲበላ አይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ሁለት ወር ኩርፊያ! ነገሩ ሽማግሌ ገባበት። ሽማግሌዎቹ የፈረዱት በእሷ ላይ ነው። «እንግዳ ሁለቴ ብቻ ተጠይቆ እንዴት ይተዋል?» ብለው የካሳ ዶሮ አሠሯት። አባቴ እሱንም መጀመሪያ «በልቻለሁ» ብሎ ነበር አሉ።

ወደ ሙሴ ልመልሳችሁ። «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። ይቺ ሁለተኛዋ ናት። ደስ አለኝ፤ ሥርዓት ያውቃል ለካ! «እርግጠኛ ነኝ» አልኩና አቀርቅሬ፣ ጣቴን እያፍተለተልኩ ሦስተኛዋን ጠበቅሁ።

«እሺ፤ ውሳኔህን አከብራለሁ» አለኝ። እጄን ጨበጠ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ፣ ሄደ።

ክሊቭላንድ አቬኑ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ ቢሆን ባለቤቱ እጄን አይለቀኝም ነበር። ማክበር ማለት እኮ እኛ ዘንድ የሰውን እምቢታ አለመስማት ነው። ሙሴ አከበረኝና ጉድ ሠራኝ።

ጋሃና ሰፈር ካለው ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ሰብለ ከኤርፖርት ሥራዋ ተመልሳ እግሯን ዘርግታለች። ነገርኳት። «ኦፈር አድርጎህ ነው ሪጀክት ያደረግከው?» አለችኝ። «አልለመነኝማ!» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ አልሳቀችም። ልጃችን ከስልኳ ቀና ሳትል «ባት ዳድ፣ ሂ አስክድ ዩ» አለች። አዎ፣ ጠይቆኛል። መጠየቅና መለመን ይለያያል ብዬ እዚህ ለተወለደች ልጅ እንዴት ላስረዳ? ሰብለም «ነገ ሂድና ሀሳቤን ቀየርኩ በለው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት» አለችኝ።

በማግስቱ ሁለት ሰባ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ እስከ ደብሊን ድረስ ዓረፍተ ነገሯን ተለማመድኩ። እንግሊዝኛዬ እንከን አልነበረውም። ሙሴን ሳየው ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ትናንት እምቢ ያለ ሰው ዛሬ በምን አፉ ይለምናል? ዙሪያውን ዞርኩ። ለመሆኑ እዚያ በሰመር አየሩ እንዴት ነው አልኩት። ግሩም ነው አለኝ። ባሕሩስ ይቀዘቅዛል? ትንሽ። ማደሪያስ አይቸግርም? ወንድሜ ጋ ትርፍ ክፍል አለ። የኛ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «አንተ፣ ልብህ ከጅሏል!» ብሎ ይይዘኝ ነበር። ሙሴ ስለ አገሩ በመጠየቄ ደስ ብሎት፣ በዚያው የዴሪክን ቲኬት መቁረጡን ነገረኝ።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይባላል። እኔ መጮህ እንኳ አልቻልኩም። ማንን ልክሰስ?

ዴሪክ ከፈረንሳይ ፎቶ ላከልኝ። ከኋላው ወይን፣ ከወይኑ ኋላ ባሕር፣ እጁ ላይ የተከፈተ ኦይስተር። ከሥሩ «አንተ ባታስተምረኝ ኖሮ!» ብሎ ጽፎበታል። ክፋት የለበትም፤ ይኼ ነው የባሰ ያንገበገበኝ። ክፉ ቢሆን ረግሜው ይወጣልኝ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። በአርባ አምስት ዓመቴ። ከዚያ ወጥቼ ለስድስት ሰው ኦይስተር ከፈትኩ።

አዲሱ ቤት ፎል ላይ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ተመረቀ። የዴሪክ ስም ሜኑው ላይ ከምግቦቹ ሁሉ በላይ ተጽፏል። እኔም ራሴን ሰብስቤ ማልኩ፤ ከእንግዲህ ይህ አገር አንዴ ከጠየቀኝ፣ አንዴ ነው የምመልሰው።

ባለፈው ዴሪክ ሊጠይቀን ወደ ቢስትሮው ብቅ አለ። አቀፈኝ። ናፍቀኸኛል፣ እኔ ጋ መጥተህ መሥራት አለብህ፣ የምሬን ነው አለኝ። ቃሉ ከአፉ ሳያልቅ «እሺ! መቼ ልጀምር?» አልኩት። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ስልኩን አየ። ጣሪያውን አየ። ኮል አደርግሃለሁ ብሎ ወጣ። ወር አለፈው፤ አልደወለም።

ለካ እነሱም ወግ አላቸው! የኛ ወግ እምቢታው ላይ ነው፣ የእነሱ ግብዣው ላይ። እኛ እየፈለግን አንፈልግም እንላለን፤ እነሱ ሳይፈልጉ ና ይላሉ። የእውነቱን ግብዣ እምቢ፣ የወጉን ግብዣ እሺ ያለ ሰው በኦሃዮ ምድር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ታጽናናኝ እንደሆነ ብዬ ለሰብለ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አንተ! ገና አንዴ ሲልህ እሺ አልከው? ምነው፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረብህም?»