ዳቦ ቤቴን ሊያጩ የመጡት

ትናንት፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ባንክ ለዳቦ ቤቴ ሽማግሌ ሲልክ በሕልሜ አየሁ።

የሰፈራችን ፍየል ደጃፌ ላይ ቆማ የሚገባውን ሁሉ ትፈትሻለች። የባንኩን ሥራ አስኪያጅና ሁለት ሽማግሌዎቹን እጃቸውን አስዘርግታ ፈተሸችና የወረፋ ቁጥር ሰጥታ ፀሐይ ላይ አቆመቻቸው። እኔ ውስጥ ሆኜ ሻዬን እጠጣለሁ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። ለብድር ደጃቸውን ስጠና ከርሜያለሁ። ጎረቤቴ አቶ ቢያድግልኝ አገር ሊለቅ ስለሆነ የዳቦ ምድጃውን በርካሽ ሊሸጥልኝ ቃል ገብቷል፤ የሚጠብቀኝ ግን እስከዚያው ዕለት ማታ ብቻ ነው።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ዳቦ ቤትሽን ለብድራችን እንድትሰጪን ነው የመጣነው።»

«ለመሆኑ ብድራችሁ ጠባዩ እንዴት ነው?» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ጨዋ ነው። አይጠጣም፣ አያመሽም።»

ይሄኔ ሊጧ የሳፋውን ክዳን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች። «እትዬ፣ ወለዱን ጠይቂ እንጂ» አለችኝ በሹክሹክታ። «የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በወሰድነው?»

በእውኔ ይህን ጠይቄ አላውቅም። አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ «እሺ፣ እሺ» ብዬ ነው የምወጣው። በሕልሜ ግን ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ዱቄት በተነና በጣቱ እየጻፈ አስረዳኝ። ዕዳው ሲቀንስ ወለዱም አብሮ ሲቀንስ ታየኝ። ለካ ያን ያህል አይከብድም።

«መያዣስ?» አልኩት።

«የምናስይዘው እኛ ነን» አለና ከረባቱን ፈቶ ሰጠኝ። ፍየሏ ተቀብላኝ በላችው።

እሺ ልል ስል ወጉ ትዝ አለኝ። የእኛ ሰው በመጀመሪያው ቀን ልጁን አይሰጥም፣ ቀጠሮ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ተማክረን እንነግራችኋለን፤ ለዓርብ ተመለሱ» አልኳቸው።

የሰው ሳቅ ቀሰቀሰኝ። የባንኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ። የብድር ሠራተኛው ፋይሌን ይዞ ፊቴ ቆሟል። ለካ ስሜን ጠርቶ፣ ብድሩ ተፈቅዶልሻል፣ ግቢና ፈርሚ እያለኝ ኖሯል።

«ችግር የለም እትዬ ትርንጎ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ለዓርብ እንመለሳለን።»

ፋይሌን ከክምሩ ሥር ከተተና ቀጣዩን ሰው ጠራ።