የግራዝማች ጾም

እኛ ሰዎች ከገዛ ሆዳችን ይልቅ የጎረቤታችን ሆድ ያሳስበናል። እውነቴን ነው። ዲላ ውስጥ የማን ቤት ቆጮ እንዳደረ፣ ማን ከየትኛው ሃይማኖት ሥጋ ቤት እንደሚገዛ፣ እገሌ ዓርብ ቀን አፉን ለምን ጠርጎ እንደወጣ ሳትጠይቀው የሚነግርህ ሰው አታጣም። ታዲያ ምርመራችን በሰው ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እንሽላሊት ላይ ደረስን እንጂ!

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ያኔ የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት ጋሽ ወልዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ጋሽ ወልዴ ስኳር፣ ጨውና ላምባ ይሸጣል፤ የሚኖረውም እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። ልጅ የለውም፤ ያለው አንድ እንሽላሊት ነው፣ ያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚያድረው ዓይነት። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የላምባ መብራት፣ ከማሾው፣ በስተግራ ስለሚቆም «ግራዝማች» ብሎ ሾመው። (እውነተኛ ግራዝማች ስኳር ሊገዛ ሲገባ ሁላችንም ስሙን ዋጥ እናደርጋለን፤ መታሰር አለ።) ጋሽ ወልዴ ዝንብ በጭራ መትቶ፣ በስንጥር ጫፍ እያወዛወዘ ያቀርብለታል። ግራዝማችም ቀልጠፍ ብሎ ይቀበላል።

ሚስቱ እትዬ አስካለ ግን አይኑን ማየት አትወድም። ፍልሰታ በገባ ማግስት ድስቷ አጠገብ ስታገኘው መጥረጊያ አነሳች።

«ወልዴ፣ ዛሬ ወይ እሱ ወይ እኔ!»

ጋሽ ወልዴ ጨነቀው። ግራዝማች ከትናንት ጀምሮ ዝንብ እምቢ ማለቱ ትዝ አለው።

«አስኩ፣ የጾመ ፍጡር ትመቻለሽ? ፍልሰታን ይዟልኮ!»

ራሷ ስንጥሩን ይዛ ሞከረች። ግራዝማች ፊቱን አዞረ። መጥረጊያው ወረደ።

ወሬው ወጣ። ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው ኑሪ፣ «ጾም ከሆነ ጀንበር ስትጠልቅ ያፈጥራላ!» ብሎ ተቀምጦ ጠበቀ። ማሾው በራ፣ የእሳት ራት ተሰበሰበ፣ ግራዝማች ንቅንቅ አላለም። «የኛ አይደለም፣ የናንተ ነው» ብሎ አስረከበን። ከዱመርሶ ቡና ይዞ የመጣው ዱካሌ ደግሞ የወንጌል አማኝ ነው፤ «በጾም አይጸደቅም፣ ለሱም ንገሩት» አለና ጨው ገዝቶ ሄደ።

መከራው የመጣው ለጋሽ ወልዴ ነው። እሱ በጨጓራ እያሳበበ ፍልሰታን ጾሞ አያውቅም። ዕቃ ላደርስ ብሎ በአውቶቡስ ይርጋጨፌ ይሄድና ጥብሱን በልቶ፣ አፉን በሎሚ አሽቶ ይመለሳል። አሁን ግን ገበታ በቀረበ ቁጥር እትዬ አስካለ ወደ ግድግዳው ትጠቁማለች።

«እሱ ጨጓራ የለውም? እንሽላሊት የቻለው ጾም አንተን ከበደህ?»

ውሸቴን ነው እንዳይል መጥረጊያው በር ጀርባ ቆሟል። ሽሮውን እያየ ይውጣል።

ከዚያ ግራዝማች ነጣ። መላ ገላው አመድ መሰለ። «ነጠላ ለበሰ» አለች እትዬ አስካለ፣ እንባ አቅርራ። በማግስቱ፣ በዓርብ ምድር፣ ሁላችን ቆመን እያየን፣ ነጠላውን ከራሱ ጀምሮ ገፈፈና... በላው። ጥርግ አድርጎ!

ጋሽ ወልዴን ላብ አጠመቀው። እትዬ አስካለ መጥረጊያውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ባሏን አየች።

«የራሱን ነው የበላው» አለች በመጨረሻ። «ይርጋጨፌ አልሄደም።»

(ከስንት ጊዜ በኋላ ከብት የሚያክም አንድ ሰው፣ እንሽላሊት ቆዳው ሊለወጥ ሲል ምግብ እንደሚዘጋው፣ ያወለቀውን ደግሞ እንዳይባክን እንደሚበላው አጫወተኝ። ለማን ልናገረው?)

ቆዳ የለወጠ ግራዝማች ደግሞ ዝንብ አማረው። ጋሽ ወልዴ ዝንብ ይመታበት የነበረውን ጭራ ዝንብ ማባረሪያ አደረገው። ሸማች ቆሞ እየጠበቀው፣ ግራዝማች ጾሙን እንዳይገድፍ ግድግዳ ሲያራግብ ይውላል። ሌሊት የእሳት ራት ሲሰበሰብስ ማን ይጠብቅ?

ጾሙ ሲፈታ ዶሮ ወጥ ቀረበ፤ እኔም ተጠራሁ። ጋሽ ወልዴ እጁን ሲሰድ እትዬ አስካለ ያዘችው።

«ቆይ! ግራዝማች ይቅደሙ።»

አንቱ ተባለ እንግዲህ። እጃችንን አንጠልጥለን ጠበቅን። ዝንብ መጣችና አፍንጫው ሥር አረፈች። ግራዝማች አያት፣ በምላሱ ዓይኑን ጠረገ፣ የተነፋ ሆዱን እየጎተተ ከማሾው ጀርባ ገባ።

ወጡ ቀዘቀዘ።